ዉፈሩና ሦስቱ ሳጥኖች

በሰኔ የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ደሴ ከተማ ውስጥ፣ አንድ የመኪና ዉፈር ከሦስት ሳጥኖች አንዱን መረጠ። የሆነው ይኸው ነው። እንዴት እንደመረጠ ግን ጠጋ በሉና ልንገራችሁ። ጊዜው ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ የሚናገርበት፣ ሰውም ቆሞ የሚያዳምጥበት የድሮው ዘመን ነው።

ዉፈር ማለት ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር ነው። ይሄኛው አሮጌ ነበር። የሚርገበገበው የፊቱ ወረቀት አንድ ጊዜ ተቀዶ በማስቲሽ ተጠግኗል። ሁለተኛ ከተቀደደ ጠጋኝ የለውም፤ ቁራሌው ነው የሚወስደው። ይህን ያውቃል።

የገዛው ባለ ላዳው ጋሽ አየናቸው ነው። ሚስቱን እትዬ ጥሩሰውን ከኋላ እንዳስቀመጠ በሳጥን ሠሪው በሙዘይን በር ላይ ቆመ።

«ከኋላ ወንበር ጀርባ ጋር አጥብቀህ ነው የምትገጥምልኝ» አለው።

«እሺ ጋሼ። ሳጥኑን ግን ዉፈሩ ራሱ ይምረጥ፤ የሚኖርበት እሱ ነው» አለ ሙዘይን።

የመጀመሪያው ሳጥን ትልቅ ነው፤ ግንባሩ ላይ ሰፊ ቀዳዳ አለው። «ና እኔ ዘንድ» አለ። «የጀርባህ ድምፅ ሳይቀር በቀዳዳዬ ይወጣል። ፒያሳ ሆነህ ስትጮህ ድምፅህ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ይሰማል!»

ከቀዳዳው አይጥ ብቅ አለች። «እውነቱን ነው ወንድምዓለም! ስፋቱ! ሙቀቱ!»

«አንቺ ምን አገባሽ?»

«ምንም። ላንተ አስቤ ነው» አለች፤ አፏ ውስጥ ለጎጆዋ ያመጣችው የጨርቅ ቁራጭ ይታያል።

ሙዘይን ዉፈሩን አስገብቶ የሰርግ ዘፈን ከፈተ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ፤ መንገደኛው ትከሻውን ነቀነቀ። ዉፈሩ ደስ አለው። የከበሮው ድምፅ እየወፈረ ሲወርድ ግን የሚይዘው አጣ። ወረቀቱ እንደላላ ድንኳን ተራገበ፤ ጠባሳው ቆጠቆጠው። ፈጣኑ ምትም አንዱ ባንዱ ላይ ተደራረበ።

ሁለተኛው ሳጥን ባለ ሁለት ክፍል ነው። «እኔ ውስጤ እደብቅሃለሁ» አለ። «ጠባሳህን ማንም አያይብህም።»

ዉፈሩ ገባ። ከዘፈኑ አንዷ ድምፅ ስትደርስ ብቻ የሳጥኑ ግድግዳ ጮኸ፤ የቀሩት ምቶች ጠፉ። ዘፈኑ አንድ ቃል ብቻ እንደሚያውቅ ሰው ሆነ።

ሦስተኛው ሳጥን ትንሽና ድፍን ነው።

«አንተስ የምትለው የለህም?» አለው ዉፈሩ።

«ብዙ አላስጮህህም» አለ ድፍኑ። «ግን ውስጤ የታፈነው አየር ስትወጣም ስትገባም ይይዝሃል። አትቀደድም።»

ገባ። መስኮቱ አልተንቀጠቀጠም። መንገደኛው መንገዱን ቀጠለ። ምቱ ግን አንድ በአንድ፣ ሳይደራረብ መጣ። ጠባሳውም አላመመውም።

«እዚሁ ልሁን» አለ ዉፈሩ ቀስ ብሎ።

«አይ አንተ! ድምፅ ተሰጥቶህ ልትታፈን!» አለች አይጧ። ከዚያ ገብታ ጨርቋን ትልቁ ሳጥን ውስጥ አነጠፈች።

ክረምቱ ገባ፤ ወጣ። በታክሲ ተራው፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሹክሹክታ ነው እንዴ?» እያሉ ሳቁበት። ዉፈሩ ቻለው። ያልቻለው የእትዬ ጥሩሰውን ዝምታ ነው። በየቀኑ ጀርባዋን ሰጥታው ትቀመጣለች። አንድ ቀን እንኳ ደስ ይላል አላለችም። ከወንበሩ በኩል የሚመጣው የመንገዱ ጉድጓድ ኳኳታ ብቻ ነው።

«አልወደደችኝም» አለው ለሳጥኑ።

«እኔ ይዤሃለሁ» አለው ሳጥኑ።

የሚያስጮኻችሁን ትታችሁ የሚይዛችሁን ምረጡ ብዬ፣ ተረቴን እዚህ ላይ አጥፌ ማስቀመጥ እችል ነበር። ግን አንድ ነገር ቀርቷል።

በጥር ወር አንዲት የሙሽራ እናት ላዳው ውስጥ ገባች። «እትዬ ጥሩሰው፣ እንዴት ነሽ?» አለች። ከዚያ ወደ ጋሽ አየናቸው ዞረች። «ምነው፣ አኮረፈችኝ?»

«ኧረ አትሰማሽም» አለ ጋሽ አየናቸው። «በየሰርጉ ከበሮ ስትመታ የምታውቂያት እሷው ናት። ሕመም ጆሮዋን ከወሰደባት ዘጠኝ ዓመት ሆናት። አሁን ዘፈን የምታዳምጠው በጀርባዋ ነው። ምቱ ለየብቻው ካልመጣላት አይገባትም።»

ያን ጊዜ መኪናዋ ቆማ ነበር። ኳኳታው ግን አልቆመም። ዉፈሩ ሰባት ወር ሙሉ የመንገድ ጉድጓድ የመሰለው የእትዬ ጥሩሰው ጣቶች ነበሩ። ወንበሩን እንደ ከበሮ ይመታሉ፤ አንድም ምት አልሳቱም።