የጥንቸሏ ቅጠል

ተረት ተረት! አላችሁ? እንግዲያው ጆሯችሁን እንደ ጥንቸል አቁሙ።

ድሮ የእንስሳት ልጆች ሁሉ አንድ ዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠው ከኤሊ ይማሩ ነበር። ኤሊ ቀርፋፋ ናትና ወላጆች አጉረመረሙ። አንበሳም፣ «ከዋርካው ለየልጁ አንድ አንድ ቅጠል ይቀጠፍ። ወላጅ ቅጠሉን ለወደደው መምህር ይስጥ፤ መምህሩም ጣራውን ይክደንበት» ብሎ አወጀ።

ሁሉን ነገር ካላየች እንቅልፍ የማይወስዳት ጥንቸል ቅጠሏን ይዛ፣ ልጇን አስከትላ፣ ገደል አፋፍ ላይ ወደሚያስተምረው ጭልፊት ወጣች። እዚያም ትናንት መራመድ ያቃታት የቁራ ጫጩት ሰማይ ላይ ስትንሳፈፍ አየችና ልቧ ዘለለ።

«ጌታዬ፣ እርስዎን መርጬ መጣሁ» አለችው።

ጭልፊት ቅጠሉን ትቶ ልጁን አገላብጦ አየው። «መምረጡንስ መርጠሽኛል። ግን ክንፉ የታለ?»

ጥንቸል ወደ ኤሊ ተመለሰች። ኤሊ እንደ ወትሮዋ ቀስ ብላ ታስተምራለች። ዋርካው ግን መላጣውን ቀርቶ፣ ክንፍ የሌላቸው ልጆች ሁሉ እንደ እህል ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል።

ጥንቸል የጠወለገውን ቅጠሏን በልጇ አናት ላይ ዘረጋችው። ለአንድ ጆሮው እንኳ አልበቃም።

ተረቴን መልሱ፤ ቅጠልን ወደ ዛፉ መመለስ የሚያውቅም ካለ ለጥንቸል ይንገራት።