የቀበሮ ቅልና የጅብ አስተያየት

አንድ ጊዜ ሰማይ ዝናቡን ነስቶ ምንጩ ሁሉ ሲደርቅ፣ ውሃ የቀረው በአንድ ሸለቆ ውስጥ ብቻ ነበር። የዱሩም የቤቱም እንስሳ ወደዚያው ጎረፈ። የተራበ ሁሉ ጎረቤቱን በዓይኑ መመዘን ሲጀምር ነገሩ አንበሳን አላማረውምና አዋጅ አስነገረ። ቀን ቀን ሣር በሊው ሣሩን፣ ሥጋ በሊውም በድርቁ የወደቀውን ሲቃርም ይዋል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሁሉም ወደ አንዱ የእሾህ በረት ይግባ፤ በሕይወት ያለውን የነካ ግን ውርድ ከራሴ አለ።

የበረቱ በር ጠባቂ አህያ ሆነች። ሹመቱን የተቀበለችው ወዳው አይደለም፤ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፣ ምናልባት አዋጅ ያስጥል ይሆናል ብላ ነው። ችግሩ ማን እንደወጣና ማን እንደተመለሰ በቃሏ መያዝ አቃታት። ያን ጊዜ ብልጣብልጧ ቀበሮ መላ ይዛ መጣች። በበሩ ላይ ገመድ ወጠረች፤ ከገመዱም ጠጠር የተሞላ ቅል አንጠለጠለች። የሚያልፍ ሁሉ ገመዱን ሲነካ ቅሉ ይንሿሿል፤ ከቀዳዳውም አንዲት ጠጠር ከሥሩ ወደተቀመጠው ገበቴ ጠብ ትላለች። ጠዋት ለሚወጣው አንድ ገበቴ፣ ማታ ለሚገባው ሌላ ገበቴ። የሁለቱ ክምር እኩል ከሆነ ሁሉም በሰላም ገብቷል ማለት ነው። ዛሬ ቢሆን ኦዲት ይሉት ነበር።

ቀበሮ ከሥራዋ ይልቅ የምትኮራው በጠያቂነቷ ነበር። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» እያለች ከበሩ አጠገብ ቁጭ ትልና ያለፈውን ሁሉ ያልተመቸው ነገር እንዳለ ትጠይቃለች። መጀመሪያ የመለሰችላት ግልገሏን ያስከተለች በግ ናት። ገመዱ ከፍ ብሎ ስለተወጠረ ግልገሏ በሥሩ ሹልክ ይላል፤ ስለ እሱ ስትል ገመዱን ደግማ የምትነካው እሷ ናት።

«ገመዱ ትንሽ ዝቅ ቢልልኝ» አለች ፈራ ተባ እያለች፤ «ልጄ ራሱ ቢነካው ደስ ይለኛል።»

ቀበሮም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እናየዋለን አለቻት። አላየችውም።

ሁለተኛው አስተያየት ሰጪ አያ ጅቦ ነበር። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ ይኼኛው ደግሞ ያለ ሀፍረት በሚያውቁት አገር ነው ያለው። በመጣ ቁጥር መጀመሪያ ቀበሮን ያሞግሳል፤ እንዲህ ያለ ጥበብ በአባቶቻችን ዘመን አልታየም ይላታል። ከዚያ ቅሬታውን ያስከትላል። ቅሉ ሲንሿሿ ልቡ ይደነግጣል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ልበ ደካማ ነው። ቀበሮ አዘነችለትና ቅሉን በቆዳ ጠቀለለችው፤ ድምፁ ጠፋ። ደግሞ ሌላ ቀን ገመዱ የቆሰለ ጀርባውን እንደሚልጠው፣ ሰልፉም ረዥም እንደሆነ ነገራት። ቀበሮ ቅሉንም ገመዱንም አወረደችና ጠጠሩን በሩ ላይ ዘረገፈችው። ከእንግዲህ ወጪም ገቢም ሁሉ የራሱን ጠጠር በአፉ አንስቶ ገበቴው ውስጥ ይጥላል፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም።

አህያ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ቅሉ ሲንሿሿ በጆሮዋ ትቆጣጠር ነበር። አሁን ግን ማታ ማታ ያ ሁሉ መንጋ በአቧራ ተሸፍኖ ሲጋፋ ማን እንደጣለ፣ ማን እንዳልጣለ፣ ስንት እንደጣለ የምታውቅበት መንገድ የላትም። ሄዳ ለቀበሮ ይህንኑ ነገረቻት።

«እመት አህዪት፣ ካንቺ በቀር ያማረረ የለም» አለቻት ቀበሮ ፈገግ ብላ። «ሰልፉ አጠረ፣ ሁሉም ደስ ብሎታል። አንቺ ደግሞ በር ጠባቂ ነሽ እንጂ ደንበኛ አይደለሽም።»

አህያ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ተመለሰች። ዋጥ ማድረጓ ኋላ አብዝቶ አንገበገባት።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ማታ ያቺ በግ ብቻዋን እየጮኸች መጣች። ግልገሏን ከግጦሽ ቦታ አጥታዋለች፤ ጥሻ ለጥሻ ስትፈልግ ውላ አላገኘችውም። አንበሳ የሁለቱ ገበቴ ክምር ይተያይ አለ። ተያየ። እኩል ነው።

«ጠጠር አይዋሽም» አለች ቀበሮ። «ልጅሽ ገብቷል፤ ውስጥ ፈልጊው።»

አያ ጅቦም እናት ስትደክም መዘንጋቷ ያለ ነው ብሎ አጽናናት። ሌሎቹም አጉረመረሙ፤ ሰልፉ በማጠሩ የተደሰተ ሁሉ የበጓ ለቅሶ እንቅልፍ ነሳኝ ማለት ጀመረ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ገበቴውን የሚጠይቅ ጠፍቶ ሁሉም እናቲቱን ወቀሰ። በመጨረሻ አንበሳ ወደ በር ጠባቂዋ ዞረ። አህያ ክምሮቹን አየች፤ በጓንም አየች። ግልገሉ ሲገባ አላየችም፤ ማስረጃዋ ግን ጠጠሩ ብቻ ነው። እኩል ነው ብላ መሰከረች። በጓ በየእንስሳው ሆድ ሥር እየዞረች ልጇን ስትፈልግ አህያ ቆማ አየቻት።  በቀበሮ ተናደደች፣ በገበቴው ተናደደች፤ ከሁሉም ይልቅ እኩል ነው ባለው አፏ ተናደደች።

በማግስቱ የአንዲት ፍየል ግልገል ጠፋ። ክምሩ አሁንም እኩል ነው።

ሲነጋ ሁሉም ከበረቱ ከወጣ በኋላ አህያ ቀበሮ ቀን ወደምትውልበት ጎሬ ሄደች። ቀበሮ ደጇ ላይ ተጋድማ አጥንት ትግጣለች፤ ቀጭን፣ ነጭ አጥንት። ከየት እንዳመጣችው አህያ ጠየቀቻት። አያ ጅቦ ከደረቀው ወንዝ ማዶ የሞተ በሬ አግኝቶ ለምስጋና ያመጣላት መሆኑን ቀበሮ እየላሰች ነገረቻት። አህያ አጥንቱን ደግማ አየችው። ብዙ በሬ ታውቃለች፤ አብራ ውላለች፣ አብራ ተገርፋለች። በቀጥታ አንበሳ ዘንድ ሄዳ ሸንጎ እንዲቀመጥ ጠየቀች።

እንስሳቱ በበረቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። አህያ መሐል ቆመች። ማንንም ሌባ አላለችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቅሉ ከተሠራ ጀምሮ የተለወጠው ነገር ሁሉ በማን አስተያየት እንደተለወጠ እመት ቀበሮ በሸንጎ ፊት ትንገረን አለች።

ቀበሮ ለመመስገን የተጠራች መሰላትና ደረቷን ነፋች። የቅሉ ድምፅ የጠፋው በማን አስተያየት ነው? በአያ ጅቦ። ገመዱ የወረደው? በአያ ጅቦ። ጠጠሩ በየአፉ የሆነው? እሱም የአያ ጅቦ ሐሳብ ነው። «ደንበኛ ንጉሥ ነው ብዬ ነው» አለች።

«እዚህ ዱር ንጉሡ አንድ ነው» አለ አንበሳ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ አያ ጅቦን ግን ብቅልም አላስፈለገው። ስሙ ደጋግሞ ሲጠራ ደስታውን መያዝ አቃተው፤ ካለበት ተነስቶ ወደ መሐል ወጣ።

«ይኼ ብቻ መሰላችሁ?» አለ። «ክምሩ እንዳይጎድልና ሸንጎው እንዳይቸገር ስንት ደክሜያለሁ። ላልጣሉት ትንንሾች ጠጠራቸውን እኔ ነበርኩ የምጥልላቸው።»



«የትኞቹ ትንንሾች ናቸው ያልጣሉት?» አለችው አህያ።

«የበጓና የፍየሏ ግልገል ናቸዋ።»

«አለመግባታቸውን ከእናቶቻቸው በቀር ማን ያውቅ ነበር? አንተ በምን አወቅህ?»

አያ ጅቦ ወደ በሩ ማየት ጀመረ። አህያ ወደ ቀበሮ ዞራ የሞተው በሬ አጥንት እንደዚያ ይቀጥን እንደሆነ ጠየቀቻት።  በጓ ግን መልሱን አልጠበቀችም፤ ባለችበት ተንበረከከች።

አንበሳ ሲነሳ አያ ጅቦ ወደ በሩ ፈረጠጠ። በሩ ላይ አህያ ቀድማው ደርሳለች። ዕድሜ ልኳን ጅብ ስትፈራ የኖረችው አህያ ጀርባዋን ሰጠችውና በሁለት የኋላ እግሮቿ መንጋጋውን አለችው። ጥርሱን እየተፋ ውሃ ወደሌለበት ምድረ በዳ ሮጠ፤ አንበሳም ከኋላው። አንበሳ ብቻውን ተመለሰ።

ቀበሮ መሬት ላይ ተደፍታ አያ ጅቦ እንዳታለላት ማለች።

«አላታለለሽም» አለቻት አህያ። «እሱ ለሆዱ የሚበጀውን ጠየቀ፣ አንቺም ሰጠሽው። ልጇን የምትጠብቀዋ ስትጠይቅሽ ግን እናየዋለን አልሽ።»

አንበሳ ፈረደ። ቀበሮ መቆጣጠሪያውን እንደገና ትሠራለች፤ የምትሠራው ግን በጓ ፊት ቁጭ ብላ፣ እሷን እየጠየቀች ነው። ከእንግዲህም የሚመጣው አስተያየት ሁሉ ከሰጪው ስም ጋር በሸንጎ ፊት ይነገራል። ቀበሮ ቅሉን አንስታ፣ ቆዳውን ፈታ፣ ገመዱን ይዛ በጓ ፊት ቀረበች። ምን እንዲስተካከል እንደምትፈልግ አንገቷን ደፍታ ጠየቀቻት። 

«በመጀመሪያው ቀን ነግሬሻለሁ» አለች በጓ።

ቀበሮ ገመዱን ዝቅ አድርጋ አሰረችው። በዚያ ማታ በሕይወት የቀሩት ግልገሎች አንድ በአንድ በራሳቸው ግንባር እየነኩት ገቡ። ቅሉ ለእያንዳንዱ ተንሿሿ፤ ጠጠሩም ጠብ አለ። በጓ በሩ አጠገብ ቆማ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። አህያም አጠገቧ ቆማ ነበር፤ ንዴቷ ገና አልበረደም።

ከዚህ የምንማረው የበረት በርም ሆነ የሒሳብ መመርመሪያ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ቅሬታ ሲቀበል ማን እንዳለውና ለምን እንዳለው ካልጠየቀ፣ በተጠቃሚ ስም የሚያሻሽለው የሌባውን መንገድ እንደሆነ ነው።