ባለታንኳው አያ አለልኝ

በእኛ አገር፣ ሐይቁ ዳር፣ ሽማግሌ ከቤት ሲውል ያየ ሰው የሚናገራት አንዲት አባባል አለች። እናቴ እንዳወራችልኝ፣ አባባሏ የተወለደችው ከአያ አለልኝ ደጅ ነው።

አያ አለልኝ ባለታንኳ ነበር። ታንኳ የሚሠራበትን ደንገል ራሱ ያጭዳል፣ ራሱ ያስራል፣ ገበያተኛውን ወደ ማዶ እየቀዘፈ ያሻግራል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጨዋታው ሁሉ ከተሳፋሪ ጋር ሆነ፤ የማን ልጅ ማንን እንዳገባ፣ ውሃው ሲጎድል የትኛው ድንጋይ ብቅ እንደሚል፣ ከእሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ክረምት ከታንኳው ሲወርድ አዳልጦት ወደቀ። ብዙም አልተጎዳ፤ ሴት ልጁ ፈንታነሽ ግን ደነገጠች። ከእንግዲህ መቅዘፊያ እንዳይነካ አስማለችው፤ እሷም ምንም እንዳይጎድልበት ቃል ገባች። ቃሏንም ጠበቀች። ምግቡን ካለበት ታቀርብለታለች፣ እጁን ታስታጥበዋለች፣ ብብቱን ይዛ ታነሳዋለች። ጎረቤቱ ሁሉ እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን አለ።

እሷ እርሻ ስትውል ግን ቤቱ ጭር ይላል። ገበያተኛው ሌላ ባለታንኳ ለመደ። መጀመሪያ ሰሞን አንዳንዱ ጎራ እያለ ይጠይቀው ነበር፤ ኋላ እሱም ቀረ። አያ አለልኝ ግድግዳ ተደግፎ ውሃውን ሲያይ ይውላል። ጭኑ ሟሸሸ፣ ክንዱ ሰለለ፤ ያለ ሰው መነሳት አቃተው። ቀጥሎ የሰው ስም ይጠፋበት ጀመር። ፈንታነሽን በእናቷ ስም እየጠራ ዛሬስ ቆየሽ ይላታል፤ እሷም ማረሙ ከብዷት አቤት ትላለች።

ከልጅነቱ ጀምሮ አብሮት ደንገል ያጨደው ጫኔ፣ ቆላ ልጁ ዘንድ ከርሞ ሲመለስ ሊጠይቀው መጣ። አያ አለልኝ ለመነሳት ሞክሮ አቃተውና፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እርስዎ ከወዴት መጡ?" አለው። ዕድሜ ልኩን "አንተ" ሲለው የኖረ ሰው ነው።

ጫኔ ምናልባት ታንኳው ጋ ሲደርስ ትዝ ይለው እንደሆነ ብሎ፣ ከፈንታነሽ ጋር ደግፈው ወደ ዳር አወረዱት። ጥቂት እንደሄዱ ጉልበቱ ከዳው፤ የቀረውን ተሸከሙት። ደርቆ ከቆመው ታንኳ ላይ አስቀመጡትና ጫኔ መቅዘፊያውን አስያዘው። አያ አለልኝ ጭኑ ላይ አጋድሞት ወዲያና ወዲህ ተመለከተ።

"ባለታንኳው የት ሄደ? ሊመሽብን ነው" አለ።

ፈንታነሽ በነጠላዋ አፏን ያዘች። "አያ ጫኔ፣ እኔ እኮ እንዲያርፍ ብዬ ነው" አለች።

ጫኔ ከጓደኛው ጎን ተቀመጠና እጁን ያዘው። "አውቃለሁ ልጄ" አላት፤ "ግን ያረፈ ጉልበት ልብን ይዞ ይተኛል።"