ትከሻ የሚደርስ ካብ

አንድ መንበሩ የሚባል የባቡር ጡረተኛ በጓሮው፣ ከፓፓያው ሥር፣ ትንሽ ባቡር ሠራ። ሐዲዱን ከሽቦ፣ ፉርጎዎቹን ከሰርዲን ቆርቆሮ አበጀ። በመጨረሻም በወጣትነቱ የሠራበትን የዕቃ መቀባበያ ጣቢያ ጨመረበት።

በዚያ ጣቢያ ጠባቡና ሰፊው ሐዲድ ጎን ለጎን ደርሰው ያበቁ ነበር። የአንዱ ፉርጎ በሌላው ላይ አይሄድም፤ ስለዚህ ጆንያው ሁሉ የሚሻገረው በሰው ጀርባ ነው። መንበሩ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ተሸካሚ ሆኖ ገባ። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ «አለፈ» ይላል እንጂ አይጨምርም። በኋላ የተሸካሚዎቹ አለቃ ሆነ።

ጣቢያው ሲያልቅ ረሺድን አስጠራ። ከተሸካሚዎቹ በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነው። መንበሩ ከእሱ አፍ «ልክ ነው» የሚል ቃል መስማት ፈለገ። ረሺድ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ቀረ፤ በሦስተኛው መጣ። ጀርባው ከጎበጠ ቆይቷልና ለማየት ማጎንበስ አላስፈለገውም።

«መጋዘኑ አለ። የውኃ በርሜሉም አለ። ይሄ ሆዱን ገፍቶ የቆመው የሸክላ ሰውዬ መቼም አንተ ነህ፣ አለቃ!»

«እኔ ነኝ» አለ መንበሩ፤ ፈገግ ብሎ።

«ካቡስ?»

የመንበሩ ፈገግታ ጠፋ። ተሸካሚዎቹ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ትከሻ የሚደርስ የድንጋይ ካብ ክበው ነበር። የደከመው ሰው አውራጅ ሳይፈልግ ጆንያውን እዚያ እንዲያሳርፍ፣ ትንሽ ተንፍሶም መልሶ እንዲሸከመው ነበር። መንበሩ አለቃ በሆነ በመጀመሪያው ቀን አስፈረሰው።

«እኔ ስሸከም ካብ አልነበረም» አለ።

«ያን ቀንም ይህንኑ ነው ያልከን።» ረሺድ ምርኩዙን አስተካከለ። «እኔ የገባሁ ሰሞን አንተ ገና ተሸካሚ ነበርክ። ከጆንያው ሥር ጉልበትህ ሲብረከረክ አየን። ካቡን የጀመርነው አንተን አይተን ነው። ትከሻ የደረሰው ግን አንተ አለቃ በሆንክ ዋዜማ ነው።»

መንበሩ ወደ ትንሿ ጣቢያ ዞረ። ከዚያ «ታዲያ ጣቢያው ልክ ነው?» አለ።

«ልክ ነው። ካብ የለውም፤ አንተ እንዳደረግኸው ነው።»

የፈለገውን ቃል አገኘ። ከተሸከመው ጆንያ ሁሉ ይህ ከበደው።

ረሺድ ወደ በሩ ሄደ። መንበሩ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ጠጠር ለቀመና በሁለቱ ሐዲዶች መካከል አንድ በአንድ መካብ ጀመረ። ረሺድ በሩን ሳይከፍት ዞር ብሎ አየው። ቆየና ተመለሰ።

«ዝቅ ብሏል» አለው። «ትከሻ አይደርስም። ጨምርበት።»

ብዙዎቻችን መከራን ካለፍን በኋላ «እኔም አልፌበታለሁ» እያልን የሌላውን ማረፊያ እናፈርሳለን። የምናፈርሰው ግን ምናልባት ለእኛው ታዝኖልን የተጀመረውን ነው። የሸክምን ክብደት የሚያውቅ ሰው ካብ ለመካብ የመጀመሪያው መሆን ነበረበት።

እርስዎስ፣ አለቃ በሆኑ ቀን መጀመሪያ ያስፈረሱት ምን ነበር?