ከሰላምታው በኋላ

አንድ ሸማኔ ነበር፤ ስሙ ጉልላት ይባላል። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው ከሞት አፋፍ ሲደርስ ታላቅ እኅቱ ስንዱ ከራሷ አንዱን ሰጠችው። ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ፤ ጉልላትም ወደ ሽመናው ተመለሰ።

ቀዶ ጥገናው በተደረገበት ሆስፒታል አንዲት ተመራማሪ ሐኪም ነበረች። ኩላሊት የተቀየረላቸው ሰዎች በኋላ ምን እንደሚያሰናክላቸው፣ ችግሩስ ሳይብስ እንዴት እንደሚከለከል ታጠናለች። የደም ምርመራው በወር አንዴ ነው፤ በመካከሉ ያለውን የሚነግራት የሕመምተኛው አፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልላትን ጨምሮ አርባ ሰዎችን በየሰኞው እየጠራች "እንዴት ሰነበቱ?" ትላለች። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" ይሏታል። ጨዋ ሰው ሌላ ምን ይላል? መዝገቧ ከዳር እስከ ዳር በ"ደህና" ተሞላ። ደህና ነን ካሏት ሁለቱ ግን ወር ሳይሞላቸው በቃሬዛ መጡ። ሐኪሟ ግራ ገባት።

አንድ ሳምንት የጉልላት እግር አበጠ። ጫማው አልገባ ቢለው በነጠላ ጫማ መሄድ ጀመረ። ሽንቱም ቀነሰ። ፈራ፤ ግን ምን ብሎ ይናገር? እኅቱ ገላዋን አስቀድዳ የሰጠችውን ኩላሊት "አልተስማማኝም" ማለት ውለታ መብላት መሰለው። ሰኞ ሲደርስ እንደ ልማዱ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" አለ።

ያን ዕለት ግን ስንዱ አብራው መጥታ ነበር።

"ደህና ነኝ? አንተ፣ ጫማህን ታዲያ ምን በላው?" አለችው።

ጉልላት እግሩን ወንበሩ ሥር ሸሸገ። "እቴ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው።"

"እኔ የሰጠሁህ እንድትኖርበት ነው፤ እየተሳቀቅህ እንድትሞትበት ነው እንዴ? የሚከፋኝስ ዝም ስትል ነው!"

ሐኪሟ ጎንበስ ብላ እግሩን በጣቷ ጫን አደረገችው፤ ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ቀረ። ደሙ ወዲያው ተመረመረ። ሰውነቱ የእኅቱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ መግፋት ጀምሮ ነበር። ደግነቱ ነገሩ በጊዜ ተደረሰበት። መድኃኒቱ ተስተካከለለት፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እብጠቱ ጎድሎ ጫማው ገባለት።

ሐኪሟ መዝገቧን ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችና በራሷ ሳቀች። "ለካ ሰላምታ ስመዘግብ ነው የከረምኩት!" አለች። ከዚያ ወዲህ በመጀመሪያ በወጉ ሰላምታ ትለዋወጣለች፤ ለምስጋናውም አብራ "አሜን" ትላለች። ከዚያ ብዕሯን ታነሳና "ሰላምታችንን ጨርሰናል፤ አሁን ስለ እግርዎ፣ ስለ ሽንትዎ፣ ስለ እንቅልፍዎ ይንገሩኝ" ትላለች። አብሮ የመጣውንም ሰው ትጠይቃለች። በዚያ ዓመት መዝገቡ በሕመም ወሬ ተጨናነቀ፤ በቃሬዛ የሚመጣ ግን ጠፋ። ጉልላትም ለእኅቱ ጋቢ ሠርቶ አለበሳት፤ እስከ ዛሬም ጋቢው ከትከሻዋ አይወርድም።

ምስጋና መልካም ነው። ሕመምን መሸፈኛ ሲሆን ግን ስጦታውንም ሰጪውንም ይጎዳል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚባለው ለዚህ ነው። ጠያቂም ቢሆን የመጀመሪያውን መልስ ይዞ ከሄደ ገና አልጠየቀም።

ወዳጄ፣ በአንተስ ቤት ጫማውን ቀይሮ "ደህና ነኝ" የሚልህ ማን ነው? ሰላምታውን ጨርስና እንደገና ጠይቀው።