የባሻ ወንድይራድ ደህና ጥርስ

በእኛ አገር ጥርሱን የታመመ ሰው ሐኪም ፊት ተቀምጦ «የቱ ነው?» ሲባል ካመነታ፣ አጠገቡ ያለው ሰው ጣል የሚያደርግበት አንዲት አባባል አለች። እኔም አንድ ጊዜ ደርሳብኛለች። ሐኪሙ መርፌውን ከጀርባው ይዞ «አይዞህ፣ አያምም» ሲለኝ አፌን ግጥም አደረግሁ። የማያምም ከሆነ መርፌውን ለምን ይደብቀዋል? ያን ጊዜ እናቴ አባባሏን ወረወረችብኝ፤ ወደ ቤት ስንመለስም መነሻዋን አጫወተችኝ።

ነገሩ የደረሰው በባሻ ወንድይራድ ላይ ነው። ባሻ ወንዝ ዳር ለም መሬት የነበራቸው፣ ፊደል ባይቆጥሩም ሙግት የሚያውቁ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነበሩ። ችግራቸው ሰው አለማመናቸው ነው። «ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል ይገኛል ስንጥር» የምትለዋን ተረት እንደ ጸሎት ጠዋት ማታ ይደግሟታል። ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ የቀዱላቸውን ጠላ እንኳ ቀጂዋ ቀድመው ካልቀመሱላቸው አይጠጡም።

እንግዲህ ደምሰው የሚባል ጎረቤታቸው ያን የወንዝ ዳር መሬት «የአባቴ ነው» ብሎ ከሰሳቸው። ቀጠሮው ለሰኞ ነበር። ባሻ ምስክሮቻቸው እነማን እንደሆኑ፣ የድንበሩ ድንጋይ የት እንደተቀበረ ለማንም አልተነፈሱም። ወይዘሮ አስካለ ሲጠይቋቸው «ዳኛው ፊት በገዛ አፌ አወጣዋለሁ» ብለው ዘጉባቸው። ያ አፍ ግን ሰኞ ሳይደርስ ታመመ።

በታች በኩል ያለው መንጋጋ ጥርሳቸው ተነሣና ጉንጫቸውን አሳበጠው። ቅርንፉድ ነከሱ፣ ነጭ ሽንኩርት ወተፉ፣ በአረቄ ተጉመጠመጡ፤ ሕመሙ ወይ ፍንክች! ዓርብ ዕለት የሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ይርጉ ሊጠይቋቸው መጡ።

«ባሻ፣ ይሄ አፍ ሰኞ የሚናገር አይመስለኝም። ውክልናውን ለእኔ ይስጡኝ፤ ነገሩን ያስረዱኝና እኔ ልሟገትልዎት።»

«ደምሰው ነው የላከዎት?» አሉ ባሻ።

አቶ ይርጉ ከፋቸው፤ ግን የታመመ ሰው ነው ብለው ዋጡት። «እንግዲያስ ነገ ገበያ ጥርስ ነቃዩ ሲራጅ አለ። ይነቀሉትና ይገላገሉ» ብለው ሄዱ።

ባሻ አሁን ደግሞ ሲራጅን መጠርጠር ጀመሩ። ጥርስ ነቃይ ሁሉ ደህናውን ነቅሎ የታመመውን ለሚመጣው ገበያ ያቆያል ሲባል ሰምተዋል። አስበው አስበው አንድ ዘዴ አገኙ። ደህናውን ጥርስ «ይሄ ነው» ብለው ያሳዩታል፤ ጉጠቱን ካነሣ ሌባነቱ ታወቀ ማለት ነው፤ እሳቸውም «ያዝኩህ!» ብለው ገበያው ፊት ያዋርዱታል።

በማግስቱ ከጨው ተራ ጀርባ፣ ሲራጅ በርጩማ ላይ አስቀመጣቸው። ሊረዱ የመጡት አቶ ይርጉ የባሻን ራስ፣ አንድ ጡንቸኛ ሥጋ ሻጭ ደግሞ እጃቸውን ሊይዙ ቆሙ።

«የቱ ነው፣ ባሻ?»

ባሻ ከላይ ያለውን ድንጋይ የመሰለ ጥርስ በጣታቸው ነኩ። «ይሄ።»

ሲራጅ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙሮ አየ፤ ጥርሱን በጥፍሩ ቆርቆር አደረገው። «ይሄማ ደህና ነው፣ ጌታዬ። የታመመው ታች ያለው፣ የጠቆረው ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን «ተመስገን፣ እውነተኛ ባለሙያ አገኘሁ» ብሎ አፉን ይከፍት ነበር። ባሻ ግን ባሰባቸው። ሳልነግረው በምን አወቀ? የነገረው ሰው ቢኖር ነው!

«ማነው የነገረህ?»

«ማንም አልነገረኝ። ይታያል እኮ።»

«ያመመኝ እኔን ነው! ይሄ ነው አልኩህ!»

«ባሻ፣ ትናንት የያዙት የታችኛውን ነበር» አሉ አቶ ይርጉ።

«እርስዎ ዝም ይበሉ!»

ሲራጅ ትከሻውን ነቀነቀ። «ጥርሱ የእርስዎ ነው። ያስምሏቸው እንግዲህ።»

በዚያ ዘመን ወጉ እንዲህ ነበር፤ ጥርሱን የሚነቀል ሰው መሃል ላይ መጸጸቱ አይቀርምና፣ ያዦቹን አስቀድሞ ራሱ ያስምላቸዋል። ባሻ «መጨረሻ ላይ አስቆመዋለሁ» ብለው ስላሰቡ፣ ገበያው እስኪሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አስማሉ። «ብጮህም፣ ብራገጥም እንዳትለቁኝ! የለቀቀኝ ወዳጄ አይደለም!»

ጉጠቱ ገባ። ባሻ «ያዝኩህ!» ሊሉ ነበር፤ ግን ጉጠት በአፉ የገባበት ሰው ምን ይናገራል? የወጣው «ኧኧኧ!» ብቻ ነው። ሥጋ ሻጩ «አይዞዎት፣ ባሻ!» ብሎ ጥፍር አድርጎ ያዛቸው። ተራገጡ፤ አቶ ይርጉም መሐላቸውን አክብረው የባሻን ጭንቅላት አጥብቀው ያዙ። ጥርሱ ተነቀለ።

ሲራጅ መዳፉ ላይ አድርጎ አሳያቸው። ነጭ ነው፤ እንደ ታጠበ ባቄላ ያበራል። «አሁን የታመመውን ልንቀልልዎት፤ በነጻ» አለ አዝኖ።

ባሻ «በነጻ» ስትባል ጭራሽ ደነገጡ። በነጻ ማን ይነቅላል? አፋቸውን በጋቢያቸው ጠቅልለው ሮጡ።

ሰኞ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ጉንጫቸው በላይም በታችም አብጦ መንጋጋቸው አልላቀቅ ብሏል። ደምሰው እንደ ልቡ ተናገረ። ዳኛው ወደ ባሻ ዞሩና መልሳቸውን ጠየቁ። ባሻ በጣታቸው ወደ ወንዙ አቅጣጫ ጠቆሙ፣ መሬቱን በእግራቸው መቱ፣ አቃሰቱ፤ ማንም አልገባውም።

«ነገሩን የሚያውቅላቸው ሰው የለም?» አሉ ዳኛው።

ወይዘሮ አስካለ ተነሡ። «ሚስታቸው ነኝ፣ ጌታዬ። ሃያ ዓመት አብሬያቸው ኖሬ አንዲት ቃል አልነገሩኝም» ብለው አለቀሱ።

መሬቱ ለደምሰው ተፈረደለት። የባሻ እንባ ባበጠው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። እናቴ እዚህ ላይ ስትደርስ ሳቄ ጠፋ፤ ምንም ቢሆን ያሳዝናሉ።

ዳኛው መዝገቡን ዘግተው ሊነሡ ሲሉ ነገሩ ከነከናቸው። «ለመሆኑ ይህን ሰው ምን አገኘው?» ብለው ጠየቁ።

አቶ ይርጉ አደግድገው ወደ ፊት ቀረቡ፤ መጀመሪያ ባሻን፣ ቀጥሎ ወይዘሮ አስካለን አዩና «ጌታዬ፣ ያመመውን የደበቀ ደህናውን ያስነቅላል» አሉ።