መድፉን የጠረጠረው ጄት

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል።

ድሮ፣ ጄት ለሰማይ አዲስ እንግዳ በነበረበት ዘመን፣ ጥርጣሬ የሚበላው አንድ ተዋጊ ጄት ነበር። አፍንጫው ሥር መድፍ ተገጥሞለታል፤ አንዴ ካስጀመሩት ራሱ እየጎረሰ ራሱ የሚተፋ፣ ጥይቱ እስኪያልቅ የማያርፍ መድፍ። መድፉ የዋህ ነበር። ጄቱ ግን «ጉሮሮዬ ሥር የተሸጎጠ ምን በጎ ያስባል?» ይል ነበር። ሥራቸው ሐይቅ ላይ የተንሳፈፈ አሮጌ በርሜል እየመቱ መለማመድ ነው።

አንድ ቀን መድፉ ሲተኩስ፣ ጭሱ ጄቱ አየር በሚስብበት አፉ ገባ። ሞተሩ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

«ልታፍነኝ ነው አይደል?» አለ ጄቱ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ጭሴ የት ይሂድ? አፍዎ ያለው እኔ ጎን ነው» አለ መድፉ።

«እህ፣ ይሁና።»

በሌላ ቀን የጥይቶቹ ባዶ ቀለሃ ሲረግፍ የጄቱን ሆድ ቧጨረው።

«ደግሞ በድንጋይ ትወግረኝ ጀመር?»

«የበላሁትን ቅርፊቱን ነው የጣልኩት፣ ጌታዬ።»

«እሱን ለሞኝ ንገር።»

መድፉ በርሜሉን መምታቱን ቀጠለ።

በሦስተኛው ቀን ጄቱ ዘዴ መጣለት። «ተኩስ። እኔ ጥይትህን ተከትዬ ወርጄ የት እንደምትልካት በዓይኔ አያለሁ።»

መድፉ ደነገጠ። ልማዳቸው ተኩሶ ወዲያው ወደ ላይ ማቅናት ነበራ።

«ይተዉ ጌታዬ። ጥይት ስትወጣ ትፈጥናለች፣ ነፋስ ሲይዛት ትደክማለች። እርስዎ ግን አይደክሙም፤ ይደርሱባታል።»

«አየህ፣ እንዳላይብህ ፈራህ።»

«ለነፍስዎ ነው የፈራሁት። የኔም ነፍስ እዚያው ናት።»

«ንጹሕ የሆነ ቢከተሉት ምን ይሆናል? ተኩስ አልኩህ።»

መድፉ ታዛዥ ነውና እያዘነ ተኮሰ። ዷ፣ ዷ፣ ዷ። ጄቱም አፍንጫውን ደፍቶ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ቁልቁል ተከተለ። ሮጠ፣ ሮጠ። ጥይቶቹ ደከሙ፣ እሱ ባሰበት። በርሜሉ ጋ ሳይደርስ ጥይቶቹ ላይ ደረሰባቸው፤ አንዷ መስታወቱን፣ አንዷ ሞተሩን በሳችው። ሄዶ ሐይቁ ዳር ጭቃ ላይ ተዘረረ።

«ጌታዬ፣ አሉ?» አለ መድፉ፣ አፉን ጭቃ ሞልቶት።

ጄቱ በጭንቅ ተነፈሰ። «ልታጠፋኝ እንደምትፈልግ አላልኩህም?» አለና ደስ ብሎት ሞተ።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይባላል፤ እውነት ነው። ጠርጥሮ፣ ሮጦ፣ ደርሶ የተመነጠረም አለ።